የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ ውጭ አገር ለመሥራት፦ የቪዛ ስፖንሰር የሚሆን አሠሪ እንዴት ይገኛል?

በከባድ መኪና ሹፌርነት ውጭ አገር ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሥራ ማስታወቂያ ነው። «ሹፌር እንፈልጋለን፣ ቪዛ እናወጣለን» የሚል ጽሑፍ ያያል፤ ይደውላል፤ ብዙም ሳይቆይ ገንዘብ ይጠየቃል። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የየትኛው አገር ሕግ ለሹፌር የሥራ ቪዛ እንደሚፈቅድ ነው። ቀጥሎ የያዙት መንጃ ፈቃድ በዚያ አገር ምን ያህል እንደሚያስኬድ ይጠየቃል። አሠሪ የሚፈለገው ሁለቱ ከተመለሱ በኋላ ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው አብዛኞቹን አጭበርባሪዎች ገና ከደጅ ይመልሳቸዋል፤ ሕግ የማይፈቅደውን ቪዛ «በእጄ አለ» የሚል ሰው ውሸታም መሆኑን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለ አሠራሩ አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ስፖንሰር የሚሆነው አሠሪው ነው። በአብዛኞቹ አገሮች አሠሪው በመጀመሪያ ለመንግሥት ያመለክታል፤ በአገር ውስጥ ሠራተኛ ፈልጎ ማጣቱን፣ የሚከፍለው ደመወዝ ከገበያው በታች አለመሆኑን፣ ድርጅቱም በእርግጥ ሥራ ላይ ያለ መሆኑን ያስረዳል። ፈቃዱ ሲሰጠው ሠራተኛው በዚያ ወረቀት ተደግፎ ለቪዛ ያመለክታል። ቪዛውን የሚሰጠው ኤምባሲው ወይም የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ነው። በመካከል ደላላ ወይም ኤጀንሲ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ራሱ አሠሪ ካልሆነ በቀር ስፖንሰር የመሆን ሥልጣን የለውም፤ ቪዛ የመስጠት ሥልጣንማ ጭራሽ የለውም።

1. በሩ የተከፈተበትን አገር መለየት

ካናዳ ለሹፌሮች ግልጽ መንገድ ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። የረጅም ርቀት የጭነት መኪና ሹፌርነት በካናዳ የሙያ ምደባ ቁጥር 73300 ነው። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ በኋላ አሠሪ ሲፈልጉ ይጠቅምዎታል። አሠሪው ሥራውን ቢያንስ ለ4 ሳምንታት በአገር ውስጥ ያስተዋውቅና ሰው ካጣ «ኤልኤምአይኤ» የሚባለውን የሥራ ገበያ ተጽዕኖ ግምገማ ከፌዴራል መንግሥቱ ይጠይቃል። ለአንድ የሥራ ቦታ የሚከፈለው 1,000 የካናዳ ዶላር የአሠሪው ዕዳ ነው፤ ከሠራተኛው ማስመለስ በሕግ የተከለከለ ነው። ውሳኔው አዎንታዊ ከሆነ ሠራተኛው የውሳኔውን ቅጂና የሥራ ውሉን ይዞ ለሥራ ፈቃድ ያመለክታል፤ የማመልከቻው ክፍያ 155 ዶላር፣ የጣት አሻራና ፎቶግራፍ ክፍያው 85 ዶላር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ማወቅ ጥቅሙ ብዙ ነው። አንድ ሰው ለዚሁ ሥራ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲጠይቅዎት ልዩነቱ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ ወዲያው ይታይዎታል።

ካናዳ ግን እንደ ቀድሞው ልቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ዝቅተኛ ደመወዝ ተብሎ ለሚመደብ ሥራ የሥራ አጥነት መጠን 6 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነባቸው ትልልቅ የከተማ አካባቢዎች የሚቀርብ ማመልከቻ አይስተናገድም። ስለዚህ ዋና ከተሞችን ብቻ ማማተር ዋጋ የለውም። የተሻለ ዕድል ያለው በትንንሽ ከተሞችና በገጠር አካባቢ ባሉ የትራንስፖርት ድርጅቶች ዘንድ ነው።

በአውሮፓ ጀርመን ለሙያ ሹፌሮች የተለየ ድንጋጌ አላት። የሥራ ስምሪት ደንቧ አንቀጽ 24ሀ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሹፌር እንዲቀጠር ይፈቅዳል። የአውሮፓን መንጃ ፈቃድና የሙያ ብቃት ገና ያላገኘ ሰውም እስከ 15 ወር ድረስ እዚያው ሆኖ እንዲያወጣ ዕድል ይሰጣል፤ ይህ ግን አሠሪው ከጅምሩ ውል ሲገባለት ነው። ፖላንድና ሊትዌኒያ ደግሞ ከኅብረቱ ውጭ የመጡ ሹፌሮችን በብዛት የሚቀጥሩ አገሮች ናቸው። መኪኖቻቸው የሚሠሩት በአብዛኛው በጀርመን፣ በፈረንሳይና በቤልጂየም መንገዶች ላይ ስለሆነ ሹፌሩ የተመዘገበበት አገርና ሌሊት የሚያድርበት አገር ይለያያሉ። ይህ በደመወዝ ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ስለ ውሉ ስንነጋገር እናያለን።

ኒውዚላንድ በሦስት ደረጃ ትሠራለች። አሠሪው በመጀመሪያ ዕውቅና ያገኛል፤ ቀጥሎ የሥራ ቦታው ይመረመራል፤ በመጨረሻ ሠራተኛው ለቪዛ ያመለክታል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስረጃም ትጠይቃለች። አውስትራሊያ ውስጥ መንገዱ ጠባብ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌርነት በተለመደው የሠለጠኑ ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ በር የሚከፈተው የተወሰኑ ክልሎች ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር ባደረጉት ልዩ ስምምነት ብቻ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከባድ መኪና ሹፌር ይቀጥራሉ፤ ሂደቱም ከሌሎቹ ፈጣን ነው። እዚያ ግን የመኖሪያ ፈቃድዎ ከአሠሪው ጋር በጥብቅ ስለሚታሰር አሠሪውን የመመርመሩ ሥራ ከሁሉም በላይ ከባድ መሆን አለበት።

አሁን ደግሞ ስለ ተዘጉት በሮች። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በእነዚህ ስለሆነ በጥንቃቄ ያንብቡት። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሹፌር ባጣች ጊዜ እስከ 5,000 ለሚደርሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች የአጭር ጊዜ ቪዛ ፈቅዳ ነበር፤ ያ በወራት ውስጥ ተዘግቷል። በሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ በኩል የጭነት መኪና ሹፌርነት አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮም የቪዛው የትምህርት ደረጃ መስፈርት ወደ ዲግሪ ከፍ ብሏል። ስለዚህ «የእንግሊዝ የሹፌር ስፖንሰርሺፕ» የሚሸጥልዎት ሰው የሌለ ነገር እየሸጠ ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 2025 ለንግድ የጭነት መኪና ሹፌሮች የሥራ ቪዛ መስጠቷን ማቆሟን በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ በኩል አስታውቃለች። ከዚያ በፊትም ቢሆን መንገዱ ዓመታት የሚፈጅ ነበር። እንዲህ ያለው ውሳኔ ሊለወጥ ስለሚችል ከማመልከትዎ በፊት የየአገሩን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ራስዎ ይክፈቱ። ከሰው አፍ የሰሙትን ብቻ ይዘው አይወስኑ።

2. መንጃ ፈቃድዎ ምን እንደሚያወጣ ማወቅ

ቪዛ ያገኙ ሹፌሮች እንኳ የሚደናቀፉት እዚህ ላይ ነው። ቪዛ አገር ያስገባል እንጂ መሪ አያስጨብጥም። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው ቡክሌትም የአገርዎ መንጃ ፈቃድ ትርጉም ስለሆነ ብቻውን የንግድ ጭነት መኪና ለመንዳት መብት አይሰጥም።

በካናዳ ከነተሳቢው ለመንዳት የሚያስፈልገው የክፍል 1 መንጃ ፈቃድ ነው፤ ኦንታሪዮ «ኤዜድ» ትለዋለች። መንጃ ፈቃድ የሚሰጡት ግዛቶቹ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከፈተናው በፊት የግዴታ ሥልጠና ይጠይቃሉ። ኦንታሪዮ 103.5 ሰዓት፣ ሳስካችዋንና ማኒቶባ 121.5 ሰዓት፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ 140 ሰዓት። እነዚህ ሕጎች በብዙ ግዛቶች የጠበቁት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 2018 ሳስካችዋን ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ወጣት የሆኪ ተጫዋቾችን ከያዘ አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ 16 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። ሹፌሩ የሠለጠነው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። የካናዳ አሠሪዎች ስለ ሥልጠና ሲጠይቁ ለይስሙላ እንዳይመስልዎት።

በአውሮፓ ኅብረት ሁለት ነገሮች አብረው ይሄዳሉ። አንደኛው ከባድ መኪናን ከነተሳቢው ለመንዳት የሚያስችለው የ«ሲኢ» መንጃ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው በመንጃ ፈቃዱ ላይ «95» ተብሎ የሚጻፈው የሙያ ብቃት ነው፤ ይህ በ280 ሰዓት ወይም በተፋጠነው የ140 ሰዓት ሥልጠና የሚገኝ ሲሆን በየ5 ዓመቱ በ35 ሰዓት ትምህርት ይታደሳል። ጀርመን ውስጥ ከኅብረቱ ውጭ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው ነዋሪ ከሆኑ በኋላ ለ6 ወር ብቻ ነው። አገርዎ መንጃ ፈቃዳቸው በጀርመን መንጃ ፈቃድ ከሚለወጥላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ከሌለ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና ይወስዳሉ። ድርጅቱ ድንበር ተሻጋሪ ጭነት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከኅብረቱ ውጭ ለመጣ ሹፌር «የአሽከርካሪ ምስክር ወረቀት» ማውጣት አለበት። ዋናው ቅጂ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፤ ያለ እሱ መንገድ ላይ ከተያዙ ችግሩ የእርስዎም ይሆናል።

ስለዚህ አገሩን ከመረጡ በኋላ ለአሠሪ ከመጻፍዎ በፊት እነዚህን በወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ የያዝኩት የመንጃ ፈቃድ ደረጃ በዚያ አገር ከየትኛው ጋር ይስተካከላል? ሥልጠናው ስንት ሰዓት ነው፣ በምን ቋንቋ ይሰጣል፣ ወጪውን ማን ይችላል? በሥልጠናው ወራት ደመወዝ ይከፈለኛል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካጣ እጅዎ ላይ ያለው ገንዘብ ስንት ወር እንደሚያቆይዎ ማስላት ይኖርብዎታል።

3. ማስረጃዎችን ማዘጋጀት

ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የትምህርትና የቋንቋ ፈተና ውጤት የሚታወቁ ናቸው። ሹፌርን ከሌላው ሠራተኛ የሚለዩት ሁለቱ ናቸው። የመጀመሪያው መንጃ ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት የሚወጣ የአሽከርካሪነት ታሪክ ነው፤ ፈቃዱ መቼ እንደተሰጠ፣ በየትኛው ደረጃ፣ ታግዶ ያውቅ እንደሆነ፣ የተመዘገበ ጥፋት እንዳለ ይገልጻል። ሁለተኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። «ለ6 ዓመት በታማኝነት አገልግሏል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ለኢሚግሬሽን መርማሪ ጥቅም የለውም። የመኪናው ዓይነት፣ የጭነቱ ዓይነት፣ በሳምንት የሚሠራው ሰዓት፣ ደመወዙ፣ የሥራ ዝርዝሩ፣ የፈራሚው ሥልጣንና የሚደወልበት ስልክ ይኑርበት። ድርጅቱን ሲለቁ ብዙ ጊዜ ደብዳቤውን የሚጽፍልዎት ሰው ምን መጻፍ እንዳለበት አያውቅምና ረቂቁን ራስዎ አዘጋጅተው ይስጡት። የተጻፈው ሁሉ እውነት ይሁን፤ ካናዳ ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበን ሰው ለ5 ዓመት እንዳይገባ ታግዳለች፤ ማስረጃውን ደላላ ያዘጋጀው መሆኑም ከቅጣቱ አያድንም።

ሁሉንም በሕጋዊ ተርጓሚ ያስተርጉሙ፣ በጥሩ ጥራት ስካን ያድርጉ፣ በአንድ ፋይል ውስጥ በቅደም ተከተል ያስቀምጡ።

4. ቀድሞ የቀጠረውን አሠሪ ማግኘት

የዚህ መመሪያ ዋና ነገር ይህ ነው። ከውጭ አገር ሹፌር ቀጥሮ የማያውቅ ድርጅት፣ ምንም ያህል ሹፌር ቢያጣ፣ ሂደቱ ገና ሲነገረው ይደክመዋል። አንድ ጊዜ ያለፈበት ግን ወረቀቱን ያውቀዋል፣ ጠበቃውም አለው፣ ጊዜውንም ያሰላዋል። ስለዚህ ጥረትዎ ከዚህ በፊት ስፖንሰር የሆኑትን መለየት ላይ ይሁን። ደግሞም ዝርዝራቸው የተደበቀ አይደለም።

የካናዳ መንግሥት አዎንታዊ ኤልኤምአይኤ ያገኙ አሠሪዎችን ዝርዝር በየሩብ ዓመቱ በክፍት መረጃ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ፋይሉን በኮምፒውተር ሲከፍቱት ግዛቱን፣ የአሠሪውን ስም፣ አድራሻውን፣ የሙያ ቁጥሩንና የተፈቀደለትን የሥራ ቦታ ብዛት ያገኛሉ። በሙያ ቁጥሩ ዓምድ 73300ን ብቻ ያጣሩ፤ ሹፌር ለመቅጠር የተፈቀደላቸው ድርጅቶች ብቻ ይቀሩልዎታል። ከዚያ ያለፉትን ሦስትና አራት ሩብ ዓመታት ፋይሎች አስተያይተው ስማቸው ደጋግሞ የሚመጣውን ለብቻ ይጻፉ። ደላሎች «የውስጥ መረጃ» እያሉ የሚሸጡት አብዛኛው ስም እዚህ በነጻ ተቀምጧል። የእያንዳንዱን ድርጅት ድረ ገጽ ይፈልጉና የቅጥር ክፍሉን አድራሻ ከዚያው ይውሰዱ።

ከዚህ ጎን ለጎን «ጆብ ባንክ» የሚባለውን የካናዳ መንግሥት የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ይጠቀሙ። ከውጭ አገር ሠራተኛ ለመውሰድ ዝግጁ የሆኑ አሠሪዎች የሚወጡበት ክፍል አለው፤ ኤልኤምአይኤ የተጠየቀበት ወይም የተፈቀደበት ሥራም ምልክት ይደረግበታል። እንዲህ ያለ ምልክት የሌለው ማስታወቂያ ላይ ጊዜዎን አያጥፉ።

በኒውዚላንድ ዕውቅና ያገኙ አሠሪዎችን ዝርዝር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይቻላል። ለጀርመን የፌዴራል የሥራ ኤጀንሲው የሥራ ማስታወቂያ ገጽና መንግሥት ለውጭ አገር ባለሙያዎች ያዘጋጀው «ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ» ጥሩ መነሻዎች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት የሥራ መረብ «ዩረስ»ም ማስታወቂያዎቹን በአንድ ቦታ ያሳያል። ለፖላንድና ለሊትዌኒያ ትልልቆቹ የትራንስፖርት ድርጅቶች በየድረ ገጾቻቸው ላይ ለውጭ አገር ሹፌሮች የተለየ የማመልከቻ ገጽ አላቸው፤ በቀጥታ እዚያ ያመልክቱ።

በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ያሉ የሹፌሮች ቡድኖችም ይጠቅማሉ፤ ሥራ ለማግኘት ሳይሆን ስለ አሠሪው ለመጠየቅ። «እዚህ ድርጅት የሠራ ሰው አለ? ደመወዝ በጊዜው ይከፍላል? የመጀመሪያውን ወር የት አደራችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ሦስት ሰው ተመሳሳይ ቅሬታ ካነሳ ያንን ስም ከዝርዝርዎ ይሰርዙ።

5. ማመልከቻውን ለስምሪት ኃላፊ እንደሚጽፉ አድርጎ መጻፍ

የሹፌር የሥራ ማመልከቻን መጨረሻ ላይ የሚያየው ብዙ ጊዜ የስምሪት ክፍሉ ሰው ነው። እሱ ማወቅ የሚፈልገው መኪናውን ለዚህ ሰው ነገ ባስረክበው ጭነቱ ይደርሳል ወይ የሚለውን ነው። «የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ትጉህ ሹፌር» የሚለው አባባል ምንም አይነግረውም። ይልቅ እንዲህ ይጻፉ፦ «እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2024 ባለ ስድስት አክስል መኪና ከነተሳቢው፣ በእጅ ማርሽ፣ ድንበር ተሻጋሪ መስመር ላይ አሽከርክሬያለሁ። ኮንቴይነርና የነዳጅ ቦቴ ጭኛለሁ። በዓመት በአማካይ 90,000 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። ባለፉት 5 ዓመታት በእኔ ጥፋት የደረሰ አደጋ የለም፤ ከመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የወጣውን ማስረጃ አያይዣለሁ።» ይህ አራት መስመር ከሁለት ገጽ ሙገሳ ይበልጣል። ሎቤድ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ፣ አደገኛ ጭነት፣ የበረዶ መንገድ፣ ተራራማ መስመር፣ ጎማ መቀየርና ቀላል ጥገና ካለ በስሙ ይጥሩት።

የሽፋን ደብዳቤው አጭር ይሁን። በአሠሪው አገር ቋንቋ ወይም በእንግሊዝኛ ይጻፉት። ከውጭ አገር እንደሚያመለክቱና የሥራ ፈቃድ ድጋፍ እንደሚያስፈልግዎ በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ በግልጽ ይናገሩ፤ የሚደብቁት ከሆነ በመጨረሻ የሁለታችሁም ጊዜ ይባክናል። ቀጥሎ ስለ መንጃ ፈቃዱ ያጠኑትን አንድ ዓረፍተ ነገር ያክሉ፤ ለምሳሌ በዚያ ግዛት የክፍል 1 ሥልጠና እንደሚያስፈልግ እንደሚያውቁና ለመውሰድ ዝግጁ እንደሆኑ። ብዙ አመልካች ይህን ስለማይጽፍ የጻፈው ሰው ወዲያው ይታያል።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ አይበትኑ። በሳምንት ለጥቂት ድርጅቶች፣ ስማቸውንና የሚሠሩትን ጭነት ጠቅሰው ይጻፉ። ለማን መቼ እንደላኩ በሠንጠረዥ ይያዙ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ በትሕትና ያስታውሱ።

6. ቃለ መጠይቁ

እውነተኛ አሠሪ ያነጋግርዎታል። ብዙውን ጊዜ በቪዲዮ ነው፤ ከዚያ አልፎ ሲነዱ የሚያሳይ ቪዲዮ ሊጠይቅ ወይም በአካል ሊፈትን ይችላል። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ የቅጥር ደብዳቤ የሚልክ ድርጅት የብዙ መቶ ሺህ ዶላር መኪናና ጭነት ለማያውቀው ሰው ሊያስረክብ ነው ማለት ነው፤ ይህ አይደረግም።

ጥያቄዎቹ ተግባራዊ ናቸው። ከመነሳትዎ በፊት መኪናውን እንዴት ይፈትሻሉ? የአየር ፍሬኑንስ? በቅደም ተከተል ይመልሱ፦ አየሩን እስኪሞላ አስነስቼ እጠብቃለሁ፤ ጎማ ደግፌ ሞተር አጠፋለሁ፤ ፍሬኑን ረግጬ ይዤ ለአንድ ደቂቃ ጌጁ ምን ያህል እንደሚወርድ እመለከታለሁ፣ የሚነፍስ ድምፅ ካለም አዳምጣለሁ፤ ከዚያ ደጋግሜ እየረገጥሁ የአየር ማነስ ማስጠንቀቂያው በጊዜው መጮሁን፣ በመጨረሻም የእጅ ፍሬኑ ራሱ መያዙን አረጋግጣለሁ። ይህን እጅዎን እያንቀሳቀሱ በልበ ሙሉነት ሲናገሩ ጠያቂው ሹፌር ከፊቱ እንዳለ ያውቃል። በሚያመለክቱበት ቋንቋ ከመስታወት ፊት ይለማመዱት።

የመንዳት ሰዓት ሕግም ይጠየቃል። በአውሮፓ ኅብረት በቀን 9 ሰዓት ይነዳል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ 10 ሰዓት ይፈቀዳል፤ ከ4 ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ የ45 ደቂቃ ዕረፍት ግዴታ ነው። ካናዳ ውስጥ በቀን ከ13 ሰዓት በላይ መንዳት አይቻልም፤ ሰዓቱም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይመዘገባል። እነዚህን አውቆ የመጣ ሰው ለድርጅቱ ቅጣት እንደማያመጣበት ያሳያል።

7. የቅጥር ደብዳቤው ሲመጣ፦ መመርመርና ገንዘብ አለመክፈል

ደብዳቤው ሲደርስዎ ደስታዎን ለአንድ ቀን ያቆዩትና ይህን ያድርጉ። የድርጅቱን ስም በአገሩ የንግድ መዝገብ ላይ ይፈልጉ፤ የጀርመኑ የንግድ መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን በመዝገቡ ወይም በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ባገኙት ስልክ ደውለው «ይህን ደብዳቤ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ?» ብለው ይጠይቁ። አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ድርጅቶችን ስምና ማኅተም ስለሚጠቀሙ ድርጅቱ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም። የኢሜይል አድራሻውን ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ፤ አንድ ፊደል የተለወጠበት የተለመደ ነው። አማካሪ አለ ከተባለ ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጡ፤ የካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች በሙያ ኮሌጃቸው የሕዝብ መዝገብ ላይ በስም ይገኛሉ። ካናዳ ሕግ የጣሱ አሠሪዎችን ዝርዝርም ለሕዝብ ታወጣለች፤ የእርስዎ አሠሪ እዚያ እንደሌለ ይመልከቱ።

ስለ ገንዘብ አቋሜ አንድ ነው፦ ለሥራው አይክፈሉ። የፓስፖርት፣ የትርጉም፣ የሕክምና ምርመራና የቪዛ ማመልከቻ ክፍያዎች አሉ፤ እነዚህ ለመንግሥት ወይም ለአገልግሎቱ በቀጥታ የሚከፈሉና ደረሰኝ ያላቸው ናቸው። «የስፖንሰርሺፕ ክፍያ»፣ «የቦታ ማስያዣ»፣ «የኤልኤምአይኤ ዋጋ» የሚባለው ግን ሌላ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 181 የግል የሥራ ኤጀንሲዎች ሠራተኛን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ማስከፈል እንደሌለባቸው በመርህ ደረጃ ደንግጓል። ቤት ንብረቱን ሸጦ የሚሄድ ሹፌር ገና መሪ ሳይጨብጥ የዕዳ እስረኛ ይሆናል፤ አሠሪው ቢበድለውም ዕዳውን እያሰበ ዝም ይላል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ላይ የሚሰማኝ ቁጣ ሊደበቅ አይችልም።

8. ውሉን ማንበብ

እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደይ ወራት ጀርመን ውስጥ ግሬፈንሃውዘን በሚባል የአውራ ጎዳና ማረፊያ ላይ ከ60 በላይ የጭነት መኪና ሹፌሮች መኪናቸውን አቁመው ደመወዛችን ይከፈለን አሉ። አብዛኞቹ ከጆርጂያና ከኡዝቤኪስታን የመጡ፣ ለአንድ የፖላንድ የትራንስፖርት ድርጅት የሚሠሩ ነበሩ። የድርጅቱ ባለቤት የግል ጠባቂዎች ይዞ መኪናዎቹን ሊወስድ መጣ፤ ፖሊስ አስቆመው። ሹፌሮቹ ለሳምንታት ከቆዩ በኋላ ከ300,000 ዩሮ በላይ ተከፈላቸው። በበጋውም ሌላ የሥራ ማቆም አድማ በዚያው ስፍራ ተደገመ። ከቅሬታቸው አንዱ ደመወዛቸው ለመረዳት በሚያስቸግሩ ተቀናሾች መሸርሸሩ ነበር።

ስለዚህ ውሉን የሚያነብልዎት ሰው ፈልገው ቃል በቃል ይረዱት። ተቀጣሪ ተብለው ተጽፈዋል ወይስ ራሱን የቻለ ተቋራጭ? ካናዳ ውስጥ አንዳንድ ድርጅቶች ሹፌሩ በራሱ ስም ኩባንያ እንዲያቋቁም አድርገው ግብርና የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ ያመልጣሉ፤ ለተወሰነ አሠሪ በታሰረ የሥራ ፈቃድ ለገባ ሰው ይህ የሥራ ፈቃዱን ጭምር አደጋ ላይ ይጥላል። ክፍያው በሰዓት ነው፣ በኪሎ ሜትር ወይስ በቀን? በኪሎ ሜትር ከሆነ ጭነት ሲራገፍ ቆመው የሚጠብቁት ሰዓት ይከፈላል? መሠረታዊ ደመወዙ ስንት፣ የቀን አበሉ ስንት ነው? አበሉ ትልቅ ደመወዙ ትንሽ ከሆነ ሲታመሙና ጡረታ ሲወጡ የሚያገኙት በትንሹ ላይ ይሰላል። ለአደጋ፣ ለነዳጅ፣ ለጎማ ከደመወዝ ይቆረጣል ይላል? ሥልጠናውን ድርጅቱ ከከፈለ፣ ቀድመው ቢለቁ ምን ያህል ይመልሳሉ? በየስንት ጊዜ ወደ ቤት ይመለሳሉ፣ መኖሪያው የት ነው? በካናዳ በዝቅተኛ ደመወዝ መደብ የሚቀጠር ሠራተኛ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን አሠሪው ይችላል፤ ውሉ ይህን ካልጠቀሰ ይጠይቁ። በአረብ ኤምሬትስ አሠሪው የሚልከው የሥራ ስምምነት በሥራ ሚኒስቴሩ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ እዚያ ሲደርሱ የሚሰጥዎት ውል ከፈረሙት ጋር አንድ መሆኑን ያነጻጽሩ።

9. ማመልከት፣ መሄድና የመጀመሪያዎቹ ወራት

የቪዛ ማመልከቻውን በተቻለ መጠን ራስዎ ይሙሉ። ሌላ ሰው ከሞላልዎትም ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን መልስ ያንብቡ፤ ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ጋር የማይገጥም አንድ ቀን እንኳ ጥርጣሬ ያስነሳል። የካናዳ ኤልኤምአይኤ ከተሰጠ በኋላ የሚያገለግለው ለ6 ወር ስለሆነ ማስረጃዎቹ አስቀድመው መዘጋጀት አለባቸው። ውሳኔ እስኪደርስ ያለዎትን ሥራ አይልቀቁ፤ ቪዛው ፓስፖርትዎ ላይ ሳይታይም የአውሮፕላን ትኬት አይግዙ። በጎብኚ ቪዛ ገብተው «እዚያ እናስተካክላለን» የሚለውን ምክር አይስሙ፤ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ቀጣዩን በር ሁሉ ይዘጋል።

ሲደርሱ የውሉን፣ የሥራ ፈቃዱንና የፓስፖርቱን ቅጂ ለሚያምኑት ሰው ይላኩ፤ በኢሜይልዎም ውስጥ ያስቀምጡ። ፓስፖርትዎን አሠሪው «ለማስቀመጥ» ቢጠይቅ አይስጡ፤ ለምዝገባ የሚያስፈልግ ከሆነ በደረሰኝ ሰጥተው ወዲያው መልሰው ይቀበሉ። የአገሩ መንጃ ፈቃድ በእጅዎ ሳይገባ «ለአንድ ጉዞ ብቻ» ተብለው መኪና ይዘው አይነሡ፤ አደጋ ቢደርስ መድን አይከፍልም፤ ተጠያቂውም እርስዎ ነዎት።

የራስዎን ማስታወሻ ይያዙ፦ የተነሡበት ሰዓት፣ የደረሱበት፣ የጠበቁበት፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የጭነቱ ወረቀት ቁጥር። የመንዳት ሰዓት የሚመዘግበው መሣሪያ (ታኮግራፉ) ቢኖርም ይህን አይተዉ፤ የደመወዝ ክርክር ሲነሳ መረጃው ያለው አሠሪው ዘንድ ብቻ ከሆነ የሚታመነው እሱ ነው። ካናዳ ውስጥ አሠሪ የሚበድለው ወይም ለበደል የሚያጋልጠው በአንድ አሠሪ የታሰረ የሥራ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለማንም መሥራት የሚያስችል ክፍት የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ለማመልከት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ያ ማስታወሻ ደብተርም ከማስረጃዎቹ አንዱ ሆኖ ይቀርባል። በአውሮፓ የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበራት ከውጭ የመጡ ሹፌሮችንም ይረዳሉ፤ ችግር ከመምጣቱ በፊት በሚሠሩበት አገር የትኛው ማኅበር እንዳለ አጣርተው ስልኩን በመኪናዎ ውስጥ ይያዙ።